ትርፍ ጭረት የሌለው ፊደል

በእጅ የሚጻፍ መጽሐፍ ሁሉ በአንድ ጥብቅ ሕግ ሥር ይወለዳል፤ ጸሐፊው የሚገለብጠውን ቃል እንዳገኘው ያስተላልፋል እንጂ ከራሱ መጨመርም ሆነ መቀነስ አይፈቀድለትም። ቃሉ መለኮታዊ ሲሆን ይህ ሕግ የሃይማኖት ግዴታ ነው፤ የታላቅ ባለቅኔ ሥራ ሲሆን ደግሞ የክብር ግዴታ ይሆናል። ይሁንና ቆዳውን ፍቆ ወይም ወረቀቱን አለስልሶ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ብዕሩን ቀርጾ ለወራት አንገቱን ደፍቶ የሚሠራ ሰው የሌላ ሰው ቃል ማሳለፊያ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም፤ እጁ በሆነ ስፍራ የራሱን መንገድ መሄዱ አይቀርም። የፋርስ መጻሕፍትና የግእዝ ብራናዎች ጎን ለጎን ሲመረመሩ ይህ ስፍራ በሁለቱ ዘንድ አንድ እንዳልሆነ፣ ልዩነቱም በሠዓሊ ምርጫ ወይም በአሠሪው ሀብት ከመወሰኑ በፊት በራሱ በፊደሉ አካል እንደተወሰነ ይታያል። ጌጥ የሚበቅለው ሕጉ ክፍት በተወው ቦታ ነው፤ ክፍቱን ቦታ የሚተወው ደግሞ ፊደሉ ነው።

ፋርሶች እስልምናን ከተቀበሉ በኋላ ቋንቋቸውን የጻፉበት የዐረብ ፊደል ተያያዥ ፊደል ነው። የአንድ ቃል ፊደላት በአብዛኛው እርስ በርሳቸው ተሳስረው ይጻፋሉ፤ አጭር አናባቢዎች ከፊደሉ አካል ውጪ፣ ከበላዩና ከበታቹ በሚቀመጡ ጥቃቅን ምልክቶች ይጠቆማሉ፣ በተለመደው ጽሑፍ ደግሞ ጨርሶ ይተዋሉ። ከዚህ የተነሣ የፊደሉ አካል ንባቡን ሳይለውጥ ሊረዝም፣ ሊጎብጥ፣ ሊወፍርና ሊሳሳ ይችላል። ሁለት ፊደላትን የሚያገናኘውን መሥመር ከሺዳ በሚባለው ስልት እንደ ልብ መሳብ ይቻላል፤ አጭር ቃል ሰፊ ቦታ ይይዛል፣ ረጅም ቃል በጠባብ ቦታ ይሰበሰባል፣ አንባቢው ግን ያነበበው ያንኑ ቃል ነው። እንዲህ ያለ ነፃነት ልክ ካልተበጀለት ወደ ዝብርቅርቅነት ይሄዳል፤ በ10ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ ቪዚር የነበረውና እ.ኤ.አ. በ940 የሞተው ኢብን ሙቅላ ፊደላትን በመቃ ብዕር ጫፍ በምትታተም ባለአራት ማዕዘን ነጥብ መለካትን ያስተማረው ለዚህ ነው። የአንዱ ፊደል ቁመት ይህን ያህል ነጥብ፣ የሌላው ሆድ ያን ያህል ነጥብ ተብሎ ተወሰነ። ልኩ የመጣው ከራሱ ከብዕሩ ስፋት በመሆኑ፣ ብዕር ሲወፍር ፊደሉ ሁሉ አብሮ ያድጋል፤ ከውጭ የመጣ ማስመሪያ አልነበረም።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነስተዕሊቅ የተባለው የአጻጻፍ ስልት በኢራን ምድር ተስተካክሎ ወጣ፤ የጸሐፊዎች ትውፊት ክብሩን ለሚር ዐሊ ተብሪዚ ይሰጣል። በነስተዕሊቅ ቃላት በተዘረጋ መሥመር ላይ ተኝተው አይቀመጡም፤ እያንዳንዱ ቃል ከቀኝ ከፍታ ተነሥቶ ወደ ግራ እየወረደ መሥመሩ ላይ ያርፋል፣ አንዱ ጭረት በብዕሩ ሙሉ ስፋት ሲሳብ ቀጣዩ እንደ ፀጉር ይቀጥናል። በሄራት የሠራውና በ1520 የሞተው ሱልጣን ዐሊ መሽሀዲ ይህን ስልት ለደቀ መዛሙርት ለማስተማር የግጥም መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደርሷል። ቻሊፓ በሚባለው አቀማመጥ አራት የግጥም ስንኞች በገጹ ላይ በሰያፍ ይደረደራሉ፤ በሰያፉና በገጹ ጠርዝ መካከል የሚቀሩት ሦስት ማዕዘኖች ለወርቅና ለአበባ ይተዋሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ዋናው ውበት ያለው በቃሉ መሥመር ነው። የመጨረሻው ጥግ ሲያህ መሽቅ ተብሎ የሚታወቀው ነው፤ መጀመሪያ ጸሐፊዎች እጃቸውን ለማሟሸት ወረቀቱ ጥቁር እስኪሆን ፊደል በፊደል ላይ የሚጽፉበት ልምምድ የነበረ ሲሆን፣ በኋላ ራሱን የቻለ ጥበብ ሆኖ በክብር ይሰበሰብ ጀመር። ሊነበብ የማይችል ጽሑፍ በጽሑፍነቱ የተከበረበት ገጽ ነው፤ የፊደሉ ነፃነት እስከዚህ ድረስ ይሄዳል።

የፋርስ መጽሐፍ ሌላው ባሕርይ የሥራ ክፍፍል ነው። የቲሙር የልጅ ልጅ የነበረውና በ1433 የሞተው ልዑል ባይሱንቁር በሄራት ባቋቋመው የመጻሕፍት ቤት ዋና ጸሐፊ የነበረው ጃዕፈር ተብሪዚ ለልዑሉ ያቀረበው የሥራ ዘገባ እስከ ዛሬ በኢስታንቡል ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ተጠብቆ ይገኛል። በዘገባው ውስጥ የትኛው ጸሐፊ ምን ያህል እንደጻፈ፣ የትኛው ሠዓሊ በየትኛው ሥዕል ላይ እንደሆነ፣ ወርቅ ቀቢው፣ ክፈፍ አሥማሪውና ጠራዡ የደረሱበት ደረጃ አንድ በአንድ ተጽፏል። ይኸው ጃዕፈር በ1430 የባለቅኔውን የፈርዶውሲን ሻህናሜ ለልዑሉ ገልብጧል፤ መጽሐፉ አሁን በቴህራን ጎለስታን ቤተ መንግሥት አለ። ወርቅ የሚቀባው ሰው ሥራ ተዝሂብ ይባላል፤ ጀድወል ጽሑፉን ከዳር ዳር የሚከበው ባለብዙ ቀለም መሥመር ነው፤ ዑንዋን በምዕራፍ ራስ ላይ የሚቆመው ያጌጠ ግንባር ነው፤ ሸምሳ ደግሞ በመጽሐፉ መክፈቻ የፀሐይ ጮራ በሚመስል ክብ ውስጥ የባለቤቱን ስም የሚይዘው ነው። የወርቁ ጓደኛ ከበደኽሻን ተራሮች የሚመጣው ላጲስ ላዙሊ የተባለ ሰማያዊ ድንጋይ ነበር። ኢስሊሚ የሚባለው የተክል ጠመዝማዛ ከአንድ ግንድ እየተነሣ፣ እየተከፈለና እየተጠቀለለ ሜዳውን ይሞላል። ጸሐፊው ይህን አይነካም፤ እርሱ ነፃነቱን በፊደሉ ውስጥ አግኝቷልና የገጹን ዳር ለሌላ እጅ መልቀቅ አይከብደውም።

የግእዝ ፊደል ታሪክ በተቃራኒው አቅጣጫ ሄዷል። ጥንት እንደ እናቱ እንደ ደቡብ ዐረቢያው ጽሕፈት ተነባቢዎችን ብቻ ይጽፍ ነበር፤ በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ኢዛና ዘመን፣ አናባቢው በፊደሉ አካል ላይ ተቀረጸ። ይህ ለንባብ ታላቅ በረከት ነበር፤ ግእዝን የሚያነብ ሰው የዐረብ ፊደል አንባቢ እንደሚገምተው አናባቢ አይገምትም። ለጸሐፊው እጅ ግን ዋጋ ያስከፈለ በረከት ነው። የ«በ» ቀኝ እግር ሲረዝም «ባ» ይሆናል፣ ግራ እግሩ ሲረዝም «ቦ» ይሆናል፣ ከቀኝ እግሩ ሥር ቀለበት ሲደረግ «ቤ» ይሆናል፣ ከወገቡ በቀኝ በኩል ትንሽ ጭረት ሲወጣ «ቡ» ይሆናል። በሌላ አነጋገር፣ የፋርሱ ጸሐፊ ለውበት የሚጠቀምባቸው እንቅስቃሴዎች፣ ማርዘም፣ ማሳጠር፣ መጠቅለል፣ ማውጣት፣ በግእዝ ፊደል ሁሉም በድምፅ ተይዘዋል። ፊደላቱም አይተሳሰሩም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ቆሞ፣ ቃሉ ሲያልቅ ሁለት ነጥብ ይከተለዋል። ጸሐፊው እግር ሳበ ማለት ሌላ ቃል ጻፈ ማለት ነው፤ በቅዱስ ቃል ላይ ደግሞ ሌላ ቃል መጻፍ ኀጢአት ነው።

ይህ ማለት የግእዝ ጸሐፊ ለፊደሉ ውበት ግድ አልነበረውም ማለት አይደለም። በጎንደር ዘመን የተስፋፋው ጉልሕ የተባለው ትልቅና ክቡድ አጻጻፍ፣ በሰፊ ኅዳግ መካከል ረግጦ ሲቆም፣ ግርማው ከማንኛውም የዓለም ጽሕፈት አያንስም። ነገር ግን ይህ ውበት የመጠን፣ የክፍተትና የእኩልነት ውበት ነው፤ የሚገኘውም ከልክ ባለማለፍ ነው። ጸሐፊው ብራናውን በወስፌ ወግቶ፣ ከቀዳዳ ቀዳዳ ደረቅ መሥመር አስምሮ፣ ፊደሉን ከመሥመሩ ሥር እኩል ሲያወርድ፣ ጥሩ እጅ የሚባለው የመጀመሪያው ገጽ ፊደልና የመጨረሻው ገጽ ፊደል ሳይለያዩ ሲቀሩ ነው። የተረፈው ነፃነት ወደ ቀለም ዞሯል፤ የእግዚአብሔርን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም በቀይ መጻፍ፣ በምንባብ መክፈቻ ላይ ቀይና ጥቁር መሥመሮችን ማፈራረቅ፣ በዐረፍተ ነገር ማብቂያ ነጥቦችን በቀይና በጥቁር መደርደር ሁሉ ፊደሉን ሳይነኩ ገጹን የሚያሸበርቁ ዘዴዎች ናቸው። ከዚህም የሚበልጥ ነፃነት የሚፈልግ እጅ ግን ከፊደሉ መውጣት ነበረበት፤ ወጥቶም ሐረግን አገኘ።

ሐረግ በምንባብ ራስ ላይ በአግድም የሚዘረጋ፣ ብዙ ጊዜም በገጹ ዳርና በሁለቱ ዐምዶች መካከል ወደ ታች የሚወርድ የተጠላለፈ የመሥመር ጌጥ ነው። ሥሩ ጥንታዊ ነው። በዐድዋ አቅራቢያ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌላት፣ በብራናው ላይ በተደረገ የራዲዮካርቦን ምርመራ ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠሩ መሆናቸው ታውቋል፤ በእነርሱ ውስጥ ያጌጡት ገጾች የቂሣርያው አውሳብዮስ ያዘጋጃቸው፣ በአራቱ ወንጌላት የሚመሳሰሉትን ክፍሎች በቁጥር የሚያመለክቱ ሰንጠረዦች ናቸው። በዐምዶችና በቅስቶች፣ በወፎችና በተክሎች የተከበበው ተራ ቁጥር ነው፤ ጸሎትም ታሪክም አይደለም። ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። ጌጡ የተሰጠው አራቱ ወንጌላውያን የሚስማሙበትንና የሚለያዩበትን ለሚያሳየው መሣሪያ ነው፤ አንባቢው ወደ ቃሉ ከመድረሱ አስቀድሞ ቃሎቹ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚተያዩ እንዲመለከት በዚያ ገጽ ላይ እንዲቆይ ተደርጓል።

ሐረግ በሙሉ ኀይሉ የታየው ግን በ14ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከሐይቅ እስጢፋኖስ እስከ ጣና ደሴቶች፣ ከላስታ እስከ አጋመ የተሠሩ መጻሕፍት የሚመሰክሩት፣ መሥመሩ ከሦስትና ከአራት ክር የተጎነጎነ፣ አንዴ በላይ አንዴ በታች እያለፈ ቋጠሮ የሚሠራ፣ በቢጫ፣ በቀይና በአረንጓዴ ወይም በሰማያዊ የተሞላ መሆኑን ነው። ከቀለሞቹ መካከል አንዱ ቀለም አይደለም፤ ያልተቀባ ብራና ነው። ነጩ ክር በቀለማቱ መካከል ሲሄድ የሚታየው ሠዓሊው ስላልነካው ነው፣ ማለትም ቆዳው ራሱ የጌጡ አካል ሆኗል። ወርቅ በኢትዮጵያ ብራና ላይ እጅግ ብርቅ ነው፤ በዐፄ ዳዊት ዘመን ተሠርቶ በአምባሰል ግሸን ማርያም የሚገኘው ተአምረ ማርያም ከጥቂቶቹ አንዱ ነው። በፋርስ ገጽ ብርሃኑ ከተቀባው ወርቅ ይመጣል፤ በግእዝ ገጽ ብርሃኑ የሚመጣው ሳይቀባ ከቀረው ቆዳ ነው። ይህን ልዩነት የድህነትና የሀብት ልዩነት አድርጎ ማየት የተለመደ ስሕተት ነው። ያልተነካውን ብራና እንደ ቀለም መቁጠር የቻለ እጅ ያጣውን ሲያካክስ የነበረ አይደለም፤ በፍየልና በበግ ቆዳ ላይ የለፋ፣ ነክሮ፣ ወጥሮና ፍቆ ያነጣው ሰው የገዛ ድካሙን ዋጋ ያውቅ ነበር።

የሐረግን ሥራ ከጥበብ ቀሚስ ጠርዝ ጋር የሚያመሳስሉት ብዙዎች ናቸው፤ ንጽጽሩ ለዓይን ትክክል ነው፣ ለአእምሮ ግን ይጎድለዋል፤ የቀሚስ ጥበብ ልብሱ የት እንደሚያልቅ ሲያሳይ ሐረግ ንባብ የት እንደሚጀምር ያሳያል። የብራና መጻሕፍት በአብዛኛው የገጽ ቁጥርም ማውጫም የላቸውም። የዳዊት መዝሙር በየዐሥር መዝሙሩ በጌጥ መሥመር ይከፈላል፤ በጨለማ መቅደስ የዕለቱን መዝሙር የሚፈልግ ዲያቆን ገጽ ሲገልጥ የሚያየው ቃሉን ሳይሆን በመጀመሪያ ያንን ጥምጥም ነው። ወንጌላዊ ሲለወጥ ትልቁ ሐረግ ይመጣል። ስለዚህ ጸሐፊው ከፊደል ወጥቶ ያገኘው ነፃነት ከንቱ መዝናናት አልሆነም፤ ተመልሶ ፊደሉን አገለገለ፣ ፊደሉ ራሱ ሊናገር የማይችለውንም፣ እዚህ ቁም፣ ከዚህ ጀምር የሚለውን፣ ተናገረለት። መሥመሩ ጫፍ ስለሌለው ዓይን ሲከተለው ፍጥነቱን ያጣል፤ ለጸሎት የሚነበብ መጽሐፍ የሚሻውም ይህንን መዘግየት ነው።

ነፃ የወጣው መሥመር ሁልጊዜ በራስጌ ተወስኖ አልቀረም። በአጋመ በሚገኘው በጉንዳ ጉንዶ ገዳም፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ብርቱ ስደት ደርሶባቸው በነበሩት በአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች ዘንድ፣ በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን የዳበረው የአሣሣል ስልት የሐረግን ሕግ ወደ ሰው አካል አሸጋግሯል። የቅዱሳኑ ልብስ እጥፋት አይታይበትም፤ በመሥመር የተከፋፈለ ሜዳ ነው፤ ፀጉር፣ ጢምና መጎናጸፊያ ወደ ክብና ወደ ማዕዘን ተለውጠዋል፣ ፊታቸው ላይ ግን ዓይኖች በሙሉ ክብደታቸው ይመለከታሉ። ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የተሠራ ወንጌል፣ አሁን በአሜሪካ ባልቲሞር በዎልተርስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። በዚህ ስልት ሰው ወደ ምድራዊ ገጽታው ሳይሆን ወደ ገጹ ሥርዓት ይጠጋል፤ ቅዱሱ የሚታየው በፊደላቱና በሐረጉ መካከል እንዳለ ሦስተኛ ምልክት ነው።

ፊደሉ ራሱ የተፈታበት አንድ ስፍራ ግን አለ፤ እርሱም ክታብ ነው። ለታማሚ የሚጻፈው ጥቅል ብራና በሰውየው ቁመት ልክ ተቆርጦ፣ በጸሎቶች፣ አስማት በሚባሉ ኅቡእ ስሞችና ጠልሰም በሚባሉ ሥዕላት ይሞላል፤ ጠልሰም ዓይንን፣ ፊትንና መስቀልን ከመሥመር ጋር የሚያዋሕድ የፈውስ ምልክት ነው። በጠልሰም ዙሪያ ጫፋቸው በቀለበት ያበቃ፣ ፊደል የሚመስሉ ግን የማይነበቡ ምልክቶች ይገኛሉ። በኢራን ሲያህ መሽቅ የማይነበብ ጽሑፍን ወደ ልዑላን ስብስብ ሲያስገባ፣ በኢትዮጵያ የማይነበብ ጽሑፍ ደብተራው በጓዳ የሚሠራው፣ የቤተ ክህነት ሊቃውንት በጥርጣሬ የሚያዩት ነገር ሆነ። ሁለቱ እኩል ደፋሮች ናቸው፤ ልዩነቱ አንደኛው ፊደል መፈታቱን አስቀድሞ በባሕርዩ ሲፈቅድ፣ ሁለተኛው ፊደል የሚፈታው ድምፁን ሲያጣ ብቻ በመሆኑ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊዎቹ እስክንድር ቦጎሲያን ከክታብ ምልክቶች፣ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ደግሞ ከፊደሉ አካል ተነሥተው በሸራ ላይ ሲሠሩ፣ የተከተሉት ሐረግን ሳይሆን ይህንን የተፈታ ፊደል መሆኑ የሚያስገርም አይደለም።

ሁለቱ ሥርዓቶች በአንድ አገር ውስጥ የተቀራረቡት በሐረር ነው። የሐረር ጸሐፊዎች ቁርኣንን በወረቀት ላይ በዐረብ ፊደል ሲገለብጡ ኖረዋል፤ በ1749 በከተማዋ የተገለበጠ አንድ ቁርኣን በለንደኑ የኸሊሊ ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ተመራማሪዎች የሐረርን ቁርኣኖች የፊደል ቅርጽና የገጽ አደራደር በሰሜን ሕንድ ሱልጣኔቶች ዘመን ከተስፋፋው ቢሃሪ ከተባለው ስልት ጋር ያስተያያሉ፤ በእነዚያ ሱልጣኔቶች የቤተ መንግሥት ቋንቋ ፋርስኛ እንደነበረ፣ በሕንድ ውቅያኖስም ንግድ ከጉጃራት እስከ ዘይላዕ መርከብ እንደሚመላለስ ሲታሰብ፣ የፋርስ ገጽ ዓለም ወደ ሐበሻ ምድር የገባበት መንገድ በየብስ ሳይሆን በባሕር እንደሆነ መገመት ይቻላል። ዛሬ ሸሪፍ የሐረር ከተማ ሙዚየም እነዚህን መጻሕፍት ከመሰብሰብ አልፎ የቆዳ ድጉሳቸውን ጥበብ ለወጣቶች ማስተማሩ፣ ለገጹ ብቻ ሳይሆን ለሚሠራው እጅም ያሰበ ተቋም መሆኑን ያሳያል።

ከአባይ ምንጮች ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲኬድ የፊደልና የጌጥ ጥያቄ ሌላ መልክ ይይዛል። በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ያለው ማላኪያ ከከተማዋ ነባር ሰፈሮች አንዱ ነው፤ በእንግሊዝና በግብፅ የጋራ አስተዳደር ዘመን በሱዳን ከተሞች ማላኪያ የሚለው ስም ከሠራዊት የተሰናበቱ ወታደሮችና ሲቪሎች ለሚኖሩባቸው መንደሮች ይሰጥ ነበር፣ ነዋሪዎቹም ከየጎሣው የተውጣጡ፣ ብዙዎቹ ሙስሊሞች፣ በጁባ ዐረብኛ የሚግባቡ ነበሩ። በዚሁ የሙስሊሞች ዓለም፣ በሱዳን ኸልዋዎች፣ ማለትም በቁርኣን ትምህርት ቤቶች፣ ተማሪው ቃሉን በእንጨት ሰሌዳ ላይ ከጥላሸትና ከሙጫ በተበጠበጠ ቀለም ይጽፋል፤ ሲሸመድደው ያጥበዋል፤ አንድ የተወሰነ ክፍል ሲጨርስ ግን ሰሌዳው ሸረፋ በሚባል በቀለማት የተሞላ የማዕዘንና የቅስት ጌጥ ያሸበርቃል። ጌጡ የተማሪውን ክብር ይመሰክራል፤ የሚመጣውም ቃሉ ወደ ልብ ከገባ በኋላ ነው። በ1930 በኦምዱርማን የተወለደው ሠዓሊ ኢብራሂም አልሳላሂ የጥበቡን መጀመሪያ የሚያያይዘው በአባቱ ኸልዋ ካየው ከዚህ ጌጥ ጋር ነው። ሐረግ በንባብ መጀመሪያ ይቆማል፤ ሸረፋ በትምህርት ማብቂያ።

ከማላኪያ ብዙ ሳይርቅ፣ በነጭ አባይ ዳር ባለችው ረጃፍ፣ በ1928 የቋንቋ ጉባኤ ተቀምጦ ነበር። አስተዳዳሪዎችና ሚሲዮናውያን ባሪ፣ ዲንካ፣ ኑዌር፣ ሽሉክ፣ ዛንዴና ሌሎች የደቡብ ሱዳን ቋንቋዎች ለትምህርት በላቲን ፊደል እንዲጻፉ ወሰኑ። ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1950ዎቹ ደግሞ የካይሮው ሊቅ ኸሊል ዐሳኪር እነዚያኑ ቋንቋዎች በዐረብ ፊደል ለመጻፍ የሚያስችል ሥርዓት እንዲያዘጋጅ ተደረገ። ሁለቱም ውሳኔዎች ብርቱ ሥራ የጠየቁ ናቸው፤ ልጆች በገዛ ቋንቋቸው እንዲያነቡ ማድረግም ታላቅ ነገር ነው። ሆኖም ሁለቱም ፊደልን ያዩት በመንግሥት ፖሊሲ ሊለበስና ሊወልቅ የሚችል መሣሪያ አድርገው ነው፤ ፊደሉ ከሕትመት መኪና ጋር ስለመጣ፣ ጸሐፊ እጁን ነፃ የሚያወጣበት ስፍራ በገጹ ላይ ይኑር አይኑር የጠየቀ አልነበረም። ጌጥ በሕዝቦቹ ዘንድ ጠፍቶ አይደለም። ዲንካዎች ለአንድ በሬ መልክና ጥለት ያሏቸው ስሞች፣ የበሬውን ቀንድ በልጅነቱ ቀርጸው የሚሰጡት ቅርጽ፣ በዶቃ የሚሠሩት ልብስ ሁሉ ዓይናቸው በመሥመርና በቀለም ልዩነት ላይ ስንት ዘመን እንደሠራ ይመሰክራሉ። የጎደለው ይህ ዓይን ከፊደሉ ጋር የሚገናኝበት ጊዜ ነበር፤ የግእዝ ፊደል አናባቢ ከተቀበለ በኋላ ሐረጉ ሙሉ ኀይል እስኪያገኝ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ እንደፈጀ ማስታወስ በዚህ ነገር ላይ ችኩል ፍርድ ከመስጠት ያግዳል።

ገጹ አንድ ሆኖ ሳለ ጌጡን ከቃሉ ለይቶ መመልከት በፋርስም በኢትዮጵያም መጻሕፍት ላይ ጉዳት አድርሷል። በተብሪዝ ለሻህ ጠህማስብ የተሠራውና 258 ሥዕሎች የነበሩት ሻህናሜ በ1568 ለኦቶማኑ ሱልጣን ለሰሊም ሁለተኛ ተበረከተ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አርተር ሆውተን የተባለ አሜሪካዊ ሰብሳቢ እጅ ከገባ በኋላ ቅጠሎቹ እየተለዩ ለሽያጭ ወጡ፣ የቀረው ክፍል በ1994 በአንድ የዊለም ደ ኩኒንግ ሥዕል ተለውጦ ወደ ኢራን ተመለሰ። የተሸጠው ቅጠል በመስተዋት ሲታሠር ሥዕሉ ወደ ተመልካች፣ በጀርባው ያለው ጽሑፍ ወደ ግድግዳ ይዞራል፤ ነስተዕሊቁን ያለ ሥዕሉ ማየት ይቻል ነበር፣ ሥዕሉን ያለ ነስተዕሊቁ ማየት ግን የመጽሐፉን ግማሽ መቅበር ነው። በኢትዮጵያ በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ያሰባሰቧቸው ብራናዎች፣ ከእነርሱ መካከል 350 ያህሉ ወደ ብሪታንያ ሙዚየም ገብተው ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ያሉት፣ ቢያንስ ጥራዛቸው ሳይፈርስ ኖረዋል። የከፋው ዕጣ የደረሳቸው በየገበያው ለጎብኚ የሚሸጡት ናቸው፤ ሥዕል ያልነበራቸው አሮጌ የጸሎት መጻሕፍት በጽሑፋቸው ላይ አዲስ ሥዕል እየተቀባባቸው በነጠላ ቅጠል ይሸጣሉ። ይህ ጌጥ ቃሉን የሚያጠፋ ጌጥ ነው፤ የግእዝ ጸሐፊ እግር ከመሳብ የታቀበው ይህ እንዳይሆን ነበር።

ምሁራዊው ሥራም ከዚህ ክፍፍል ነፃ አልነበረም። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ፕሮጀክት ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን በፊልም አንሥቶ፣ ብዙዎቹ በጦርነትና በቸልታ ከመጥፋታቸው በፊት ይዘታቸውን አድኗል፤ ጌታቸው ኃይሌን የመሰሉ ሊቃውንት በዚያ ላይ የሠሩት ካታሎግ ሳይኖር የዛሬው የግእዝ ጥናት አይታሰብም። ፊልሙ ግን ጥቁርና ነጭ ነበር። በፊልሙ ላይ ቀይ መሥመር ከጥቁር በፍዘት ብቻ ይለያል፤ የሐረጉ ቢጫና ያልተቀባው ብራና ሊለዩ በማይችሉበት ደረጃ ይቀራረባሉ። አሁን መጻሕፍቱ እንደገና በባለቀለም ዲጂታል ካሜራ እየተነሡ በመሆኑ፣ «ሐረግ አለው» ብሎ ማለፍ የማይበቃበት ጊዜ መጥቷል። ሐረጉ በየትኛው ምንባብ ራስ ላይ እንደቆመ፣ ክሩ ስንት እንደሆነና በስንት ቀለም እንደተሞላ፣ በተለይም የሐረጉ ቀይ ቅዱሳን ስሞች ከተጻፉበት ቀይ ጋር አንድ ብጥብጥ መሆን አለመሆኑ ቢመዘገብ፣ ፊደሉን የጻፈውና ሐረጉን የጎነጎነው እጅ በየትኛው ገዳም አንድ፣ በየትኛው ሁለት እንደነበረ መለየት ይቻላል።